ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል

ማንበብ አትችልም ብለው የጻፉብኝን ደብዳቤ ቆሜ ያነበብኩት እኔው ራሴ ነኝ። ጮክ ብዬ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ማኅተሙ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ እንኳ ሳልዘል። «ሠራተኛዋ ከምድጃው ጎን የተለጠፈውን የሙቀት ሠንጠረዥ በአግባቡ ማንበብ ባለመቻሏ» ይላል። ጉዳዩ፦ ሁለተኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ግልባጭ፦ ለግል ማኅደር። እስቲ ንገሩኝ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ደብዳቤ የሚጽፍ ምን ዓይነት ሰው ነው?

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳቦ ጋግሬያለሁ። በዚያው ዳቦ ቤት፣ በዚያው ምድጃ። ሥራውን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። አክስቴ የምድጃውን በር ትከፍትና እጇን ከአፉ ፊት ዘርግታ ትቆጥራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስምንት ላይ እጅ አልችል ብሎ ከተሰበሰበ ምድጃው ለዳቦ ደርሷል። አሥር ድረስ ካስቆየ ገና ነው። ስድስት ላይ ካባረረ ግን ዳቦው ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። እኔም እንደሷ ስቆጥር ኖሬ ስሜ እንኳ ተረሳ፤ ከሊጥ አቡኪው እስከ በር ጠባቂው ሁሉም «እትዬ ስምንት» ነው የሚለኝ። ደስ ይለኝ ነበር። ሰው በሚያውቀው ነገር ሲጠራ ምን ይከፋዋል?

ምድጃው ላይ ቴርሞሜትር ነበረ፣ አልነበረም አልልም። ግን እኔ ሥራ ከመጀመሬ በፊት መርፌው አንድ ቦታ ላይ ተገትሮ የቀረ ነው። እሳት ቢነድም ባይነድም ያው ነው። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጣና ገና በሳምንቱ ይህን አየ። በልጄ ዕድሜ የሚሆን ሰው ነው፤ «አንቺ» ነው የሚለኝ።

«በግምት መሥራት ቀርቷል» አለ። «ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በቁጥር ነው።»

ቁጥር እኔ ምን አደረገኝ? ስምንትስ ቁጥር አይደለም እንዴ? ወደ ምድጃዬ ተመለስኩ።

የዳቦ ቤቱ ቴክኒሻን ከአንድ የተጣለ ማሽን ላይ የነቀለውን ቴርሞሜትር አምጥቶ ገጠመ። ረጅም ዘንግ ያለው፣ በምድጃው ጎን ባለች ቀዳዳ የሚገባ ደህና ዕቃ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ መመሪያው ዳቦ በሁለት መቶ ሃያ ዲግሪ ሴልሺየስ ይጋገር ይላል፣ ይኸኛው መርፌ የሚያወራው ደግሞ በፋራናይት ነው። ሁለቱን የሚያስማማ ሠንጠረዥ ቴክኒሻኑ በኮምፒውተር ሠራ፣ በፕላስቲክ አስለበሰ፣ በአራት ብሎን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። በስተቀኝ የምንፈልገው ሴልሺየስ፣ በስተግራ መርፌው ሊያሳየው የሚገባው ፋራናይት። ከግርጌው ደግሞ ሠንጠረዡ የወጣበት ቀመር፣ በደማቅ ቀለም። ሁለት መቶ ሃያ ከፈለግሽ መርፌውን አራት መቶ ሃምሳ አራት አድርሺ ይላል።

በመጀመሪያው ጠዋት መርፌውን አራት መቶ ሃምሳ አራት አደረስኩና በሩን ከፍቼ እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። አባረረኝ።

«ምድጃው ከመጠን በላይ ግሏል» አልኩት ቴክኒሻኑን።

መርፌውን አየ፣ ሠንጠረዡን አየ። «ልክ ነው እኮ፣ እትዬ» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። «በእጅ የሚለካበት ዘመን አልፏል።»

ዳቦው ምን ሆኖ እንደወጣ ልንገራችሁ? ላዩ ጥቁር፣ ውስጡ ጥሬ። አንዲት ደንበኛ የቆረሰችውን መልሳ አምጥታ፣ ልቡን በጣቷ ጠቅ አድርጋ «ይኼማ እንደ ማጣበቂያ የመስኮት መስተዋት ይይዛል» አለችኝ። ሰው ፊት። ወዴት ልግባ? በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ መጣ፤ «በቸልተኝነት» ይላል። ጥፋቱ የሠንጠረዡ ነው ብል ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሠንጠረዥ አይሳሳትማ! ሠንጠረዥ ፕላስቲክ ለብሷል!

ባሌ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቀልድ ይወዳል። ነገሩን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። «እጅሽ አርጅቶ ይሆናላ!» አለኝ። «የእኔ ዓይን መነጽር ፈለገ፣ ያንቺ እጅ ደግሞ ምን ያድርግ?»

እሱ ቀለደ፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ የሻይ ማንቆርቆሪያ ላይ እጄን ዘርግቼ ስቆጥር ያዘኝ። ቀኙን ሞከርኩ፣ ግራውን ሞከርኩ። ከሁሉ ያናደደኝ ይኼ ነው። ደንበኛ መልሶ ያመጣው ዳቦ አይደለም፣ ደብዳቤውም አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልዋሸኝን እጄን እንድጠረጥር አደረጉኝ።

አንድ ቀን ግን ቱግ አልኩና የራሴን አደረግኩ። ምድጃው ስምንት እስኪለኝ ድረስ እሳቱን ቀነስኩት። እጄ ስምንት ሲለኝ መርፌው አራት መቶ ሠላሳ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ዳቦው እንዴት ያለ ሆኖ ወጣ መሰላችሁ! ሊጥ አቡኪው አንዱን ለሁለት ሰንጥቆ አሸተተውና «እትዬ ስምንት፣ እንኳን ደህና መጡ!» አለኝ። ደንበኛ ተሰልፎ ወሰደ። አንድም ዳቦ አልተመለሰም።

ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ የጻፉብኝ ለዚያ ቀን ነው። አዎ፣ ዳቦው ላማረበት ቀን! ቴክኒሻኑ በጠዋቱ ዙሩ መርፌውን አይቶ በመዝገቡ ላይ አስፍሮታል፤ ሠንጠረዡ አራት መቶ ሃምሳ አራት እያለ ጋጋሪዋ አራት መቶ ሠላሳ ላይ ይዛዋለች። ከዚህ ተነስተው ማንበብ አትችልም አሉ። ሦስተኛ ከተጻፈብኝ ከምድጃው ተነስቼ ትሪ አጣቢ እንደምሆንም ከታች ጨምረዋል። ትሪ ማጠብ ነውር ነው አላልኩም። ግን ምድጃው የእኔ ነው።

ደሜ ፈላ። ሽርጤን እንደታጠቅኩ፣ ከዳቦ ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ወዳለው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ለትልልቅ ሰዎች የሚያስተምሩበት ክፍል እንዳለ አውቅ ነበር። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው።

«ምን መማር ፈልገው ነው?» አለችኝ መዝጋቢዋ።

«ሠንጠረዥ ማንበብ» አልኳት።

የሂሳብ መምህሯ ወጣት ናት፣ ድምጿ ግን ክፍሉን ይሞላል። አግዳሚው ላይ ከጎኔ የሚቀመጠው የታክሲ ሹፌር ነው፤ ከፊታችን ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች። መጀመሪያ ሜትርን ወደ ሴንቲሜትር፣ ሊትርን ወደ ሚሊሊትር ለወጥን። ይኼማ ለእኔ ምኑም አይደለም። ቀጥሎ ቀመር መጣ፤ መንገድ ማለት ፍጥነት ሲባዛ በጊዜ ነው፣ እንግዲህ ጊዜን ለብቻው አውጡት አለች።

«የእኩል ምልክቱ ወንዝ ነው» አለች መምህሯ፣ በጠመኔ ሁለቱን ሰረዞች እያደመቀች። «ማዶ የተሻገረ ሁሉ ምልክቱ ይቀየራል። የተደመረው ሲሻገር ይቀነሳል፣ ያባዛው ሲሻገር ያካፍላል።»

ወደድኩት። ወዲህ የነበረ ወዲያ ይሻገራል፤ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል። እቤት ውስጥ እንኳ ባሌ መነጽሬ የት ሄደ ሲለኝ «ተሻግሯል» ማለት ጀመርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት የቤት ሥራ ሰጠችን። ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ፋ = 1.8 × ሴ + 32

ፋ ፋራናይት፣ ሴ ሴልሺየስ። ሴን ለብቻው አውጡ። እንዴት አልስቅ! መልሱ እኮ እኛ ግድግዳ ላይ በአራት ብሎን ታስሮ ቁጭ ብሏል። በማግስቱ ከሠንጠረዡ ግርጌ ያለውን ቀመር በሽርጤ ኪስ ባለች ቁራጭ ወረቀት ገለበጥኩ። መኮረጅ ነው፣ አልክድም። ለአንድ ጊዜ እንኳ ያ ሠንጠረዥ ይጥቀመኝ ብዬ ነው። ደብተሬ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አሰፈርኩት።

ሴ = ፋ ÷ 1.8 − 32

ደብተሩ ሲመለስ መልሴ ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጎበታል።

በዚህ ጊዜስ ብድግ አልኩ። «መምህር፣ ይኼ ልክ ነው!» አልኩ። «የዳቦ ቤታችን ቴክኒሻን የጻፈው ነው! የተማረ ሰው ነው!»

ታክሲ ነጂው ሳቁን ለማፈን አፉን ያዘ። መምህሯ ግን አልሳቀችም። ወደ አግዳሚዬ መጥታ ደብተሩን አየችው።

«እትዬ፣ የተማረም ይሳሳታል። 1.8 ተሻግሮ አካፍሏል፣ 32 ተሻግሮ ተቀንሷል። መሻገሩ ልክ ነው። ማን ቀድሞ ይሻገር የሚለው ነው የተበላሸው» አለችኝ። ከዚያ ሽርጤን በጣቷ አሳየችኝ። «ጠዋት ሥራ ሲገቡ መጀመሪያ ምን ይለብሳሉ?»

«ጋወን።»

«ከዚያስ?»

«ሽርጡን እላዩ ላይ እታጠቃለሁ።»

«ሲወጡ ሽርጡን ሳይፈቱ ጋወኑን ማውለቅ ይችላሉ?»

«እንዴት ተብሎ!»

«ይኸውልዎት። ሴ መጀመሪያ የለበሰው 1.8ን ነው። 32 በመጨረሻ የታጠቀው ሽርጥ ነው። መጀመሪያ 32 ይፈታል፣ ከዚያ 1.8 ይወልቃል።» ደብተሬ ላይ ጻፈችው።

ሴ = (ፋ − 32) ÷ 1.8

እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ታዲያ መልስዎን ይፈትኑት አለችኝ፤ ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል፣ በፋራናይት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነው፣ እስቲ በእርስዎ ቀመር ያስገቡት። አስገባሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ለ1.8 ሲካፈል መቶ አሥራ ስምንት ገደማ፣ ሠላሳ ሁለት ሲቀነስ ሰማንያ ስድስት።

«ውሃ በሰማንያ ስድስት ይፈላል፣ እትዬ?»

እርሳሴን አንስቼ ሌላ ነገር እየሠራሁ ነበር። ዳቦ የሚፈልገው ሁለት መቶ ሃያ ነው። በ1.8 ሳባዛው ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት። ሠላሳ ሁለት ስደምርበት አራት መቶ ሃያ ስምንት። ደግሜ ሠራሁት፤ አራት መቶ ሃያ ስምንት። አራት መቶ ሠላሳ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው!

እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አየሁት። ሊጥ ጥፍሬ ሥር ደርቋል። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ እንባዬ ዱብ አለ። ኀዘን አይደለም። ንዴት ነው። ሦስት ወር ሙሉ! ሦስት ወር ሙሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያመንኩትን እጅ ሳማ ከረምኩ፤ እጄ ልክ ነበር፣ ሽርጡን ሳይፈታ ጋወን ያወለቀው ሌላ ሰው ነው። ሠንጠረዡ ሁሌም፣ በየትኛውም ቁጥር ላይ፣ በአሥራ አራት ዲግሪ ሴልሺየስ ይዋሻል።

በማግስቱ ጠዋት እሳቱን አራት መቶ ሃያ ስምንት ላይ ያዝኩት። አንድ ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠራኝ። ቴክኒሻኑም አለ። ሦስተኛው ደብዳቤ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ደግመሽ ከሠንጠረዡ ወጥተሻል» አለኝ። «ፈርሚና ትሪ ማጠቢያ ክፍል ሂጂ። ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው እንመድባለን።»

«እፈርማለሁ» አልኩት። «መጀመሪያ ግን ሁለታችሁም ወደ ታች ውረዱልኝና ውሃ ላፍላላችሁ።»

«ውሃ?»

«ውሃ።»

ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ ወረደ። ሊጥ አቡኪው እንደነገርኩት ድስቱን ጥዶ ጠብቆኛል፤ ውሃው እየተንተከተከ ነው። ቴርሞሜትሩን ከቀዳዳው መዝዤ፣ ዘንጉን ወደ ድስቱ ከተትኩትና መርፌው እስኪረጋ ጠበቅን። ሁለት መቶ አሥር ላይ ቆመ።

«በስልክህ ሒሳቡን ሥራልኝ፣ ልጄ» አልኩት ቴክኒሻኑን። «በራስህ ቀመር። ግድግዳው ላይ አለልህ።»

ስልኩን አወጣ። አካፈለ፣ ቀነሰ። ጣቱ ቆመ። እንደገና አካፈለ፣ እንደገና ቀነሰ።

«ስንት አለህ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሰማንያ አምስት።»

«እና?»

ልጁ ፊቱ ደም መሰለ። «ውሃ... ፈልቷል» አለ።

«አዎ፣ ፈልቷል!» አልኩ እኔ። «እዩት፣ ይንተከተካል! በሰማንያ አምስት ዲግሪ የሚፈላ ውሃ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ ውሃውም ማንበብ አይችልም? ለውሃውም ማስጠንቀቂያ ይጻፍለት!»

ሊጥ አቡኪው ከጆንያዎቹ ኋላ ሄዶ ሳቀ። ከዚያ የሽርጡንና የጋወኑን ነገር አስረዳሁ። መጀመሪያ ሠላሳ ሁለትን ፍታ፣ ከዚያ አካፍል። ቴክኒሻኑ ሠራው፤ ዘጠና ዘጠኝ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሳይታዘዝ ብሎን መፍቻውን አመጣና የሠንጠረዡን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። «ትምህርት ቤት ይሻገራል ብቻ ነው ያሉን» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። እውነቱን ነው፤ አዘንኩለት።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ቢሮው ወጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አዲስ ደብዳቤ ይዞ ወረደ። ቴርሞሜትሩ ወደ ቀዳዳው ተመልሷል፣ ትሪዎቹ ተደርድረዋል፣ ሊጡ ተነፍቶ ጠርዝ ላይ ደርሷል። እንኪ ተቀበይ እንደማለት ዘረጋልኝ።

«በቃ፣ ነገሩ አልቋል። ምድጃሽ ላይ ትቆያለሽ። እዚህ ላይ ፈርሚና ዳቦውን አስገቢ።»

አነበብኩት። ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ ማንበብ እንደምችል ይስማ። «ድርጅቱ የሠራተኛዋን የረጅም ጊዜ አገልግሎት ከግምት በማስገባት ለፈጸመችው ጥፋት ይቅርታ አድርጎላታል።»

ሰማችሁ? ይቅርታ አድርጎልኛል! ዓይኑን በጨው ታጥቦ!

«ምን ጥፋት ነው የፈጸምኩት?» አልኩት።

«ፎርማሊቲ ነው እኮ። ያለዚያ የበፊቶቹ ደብዳቤዎች ከማኅደር አይነሱም። ደግሞ ሊጡ እየፈሰሰ ነው።»

«ይፍሰስ» አልኩና የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ከደረት ኪሱ ላይ የተሰካውን እስክሪብቶ ጠየቅኩት፤ ሰጠኝ፣ ልፈርም መስሎት። ደብዳቤውን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ይኼም እኮ ቀመር ነው፤ ወዲህ ድርጅቱ፣ ወዲያ እኔ፣ ጥፋቱ ደግሞ በእኔ ወገን ተጽፏል። ስለዚህ አሻገርኩት። ብዙ አልደከምኩም፣ «ለፈጸመችው» ከሚለው ውስጥ አንዲት ፊደል፣ «ች»ን ብቻ ሰረዝኩ። «ለፈጸመው ጥፋት» ሆነ። ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራልና «አድርጎላታል» የሚለውንም ሰርዤ ከላዩ «ጠይቋታል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ መልሼ ሰጠሁት።

«መጀመሪያ እርስዎ ይፈርሙ» አልኩት። «ቅደም ተከተል አለው።»

ሊጡን አየ። ከበሩ ውጪ የሚጠብቁትን ደንበኞች አየ። ቴክኒሻኑን አየ፤ ቴክኒሻኑ ሠንጠረዡን በብብቱ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን የምድጃው ጎን ላይ አስደግፎ ሊፈርም ሲል አቃጠለውና እጁን ሰበሰበ። የሊጥ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ፈረመ። ዱቄት ነካው።

«ይኸው፣ እትዬ» አለኝ። «ይውሰዱት።»

ወሰድኩት። ለማኅደር አልሰጠሁትም፤ ግልባጭ ያስቀምጡ፣ ዋናው የእኔ ነው። አጥፌ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና የምድጃውን በር ከፍቼ እጄን ዘረጋሁ። ቴክኒሻኑ መጥቶ ከጎኔ ቆመ፤ እጅጌውን ሰብስቦ እሱም ዘረጋ። ማንም አላዘዘውም። አብረን ቆጠርን፤ ጮክ ብለን።

ስምንት ላይ ሁለታችንም እኩል ሰበሰብን።